የመዋኛ ገንዳው ፈተና

ረቡዕ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2013

ዛሬም ፊቷን አልነከረችም። እስከ አገጯ ገባች፤ ከንፈሯ ውሃውን ሲነካው እሳት የነካት ይመስል ወደ ኋላ ዘለለች። ከዚያ ከገንዳው ወጥታ ፎጣ ተከናነበችና ስልኳን ማየት ጀመረች። አጠገቧ የፊት ጥርሱ የወለቀ የጎረቤት ሕፃን እየጠለቀ ይወጣል።

ማራኪ የልጅ ልጄ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ልደት ላይ ልጆች ለጨዋታ ብለው ገንዳ ውስጥ ገፍትረዋት ውሃ ጠጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻወር ስትወስድ እንኳ ፊቷን በእጇ እየረጨች ነው የምትታጠበው። ወንድሟ ዮሲ ስምንት ዓመቱ ነው። እሱ ያለበት በሽታ ሌላ ነው፤ ምንም አይፈራም። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

የፊታችን ማክሰኞ ፍሎሪዳ ላይ ጀልባ ተከራይተናል። ልጆቹ መነጽር አድርገው፣ ቱቦ ነክሰው፣ በሆዳቸው ተንሳፈው የባሕሩን ወለል ያያሉ ተብሏል። ስኖርክል ይሉታል። ጉዞው አምና ሊሆን ነበር፤ በኮሮና ካንስል ተደረገ። ልጄ ሰብለ ዌርሃውስ ነው የምትሠራው፤ ኦፍ የሰጧት ይህችን አንዲት ሳምንት ብቻ ነው። ቅዳሜ ፍልሰታ ይገባል ብላት፣ «እማዬ፣ ሱፐርቫይዘሬ ፍልሰታን አያውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጀልባውን ራሷ ቡክ አደረገች፤ አሁን ደግሞ ውሃ ሲነሣ ፊቷ ይለዋወጣል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ትላለች። ፍርዱንም ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺ አሠልጥኛቸው። አንቺ ይገባሉ ካልሽ ይገባሉ፤ አንቺ ካላልሽ ከጀልባው ንቅንቅ አይሉም። እኔ ያለቅሱብኛል፣ እሺ እላለሁ። ልቤን አላምነውም።»

አሠልጣኟ ማን ናት? ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይንስ ያስተማረች፣ ዋና የማትችል፣ ባሕር አይታ የማታውቅ። ኦክቶፐስን በጠመኔ ስንት ጊዜ ሥያለሁ! የባሕር ኮከብ፣ ጄሊፊሽ፣ ኮራል። ሁሉም ነጭ ነበሩ፤ ሰሌዳው ጥቁር።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጬ ደንብ ሰጠሁ። አንደኛው የደወል ደንብ ነው። ድሮ ስም ስጠራ ተማሪው «አለሁ» ይላል። ቱቦ የነከሰ ሰው ግን መናገር አይችልም። ስለዚህ በማንኪያ ብረት ሦስት ጊዜ እመታለሁ፤ ሁሉም ወዲያው እጁን ከውሃ በላይ ያነሣል። ሁለተኛው የተመልካች ደንብ ነው። እንስሳ ካያችሁ ጣታችሁን እንኳ አታንቀሳቅሱ። የሚነቃነቅ ሰው የሚያየው ጅራት ብቻ ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ሁሉ ብያለሁ፤ እንሽላሊት ስናይም፣ ጉንዳን ስናይም።

ዮሲ እጁን አነሣ። «ሻርክ ባይስ?»

«ሻርክም ቢሆን።»

ሰብለ ከኩሽና፣ «እማዬ!» አለች።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 29

ፈተናው ተሰጠ። ሦስት ጥያቄ ነበር፤ ማለፊያው ስልሳ። በሆድ ተንሳፎ፣ ፊትን ነክሮ፣ ደወል እስኪመታ በቱቦ መተንፈስ። ቱቦ ውስጥ የገባ ውሃን ተፍቶ ማውጣት። ደወል ሲመታ እጅ ማንሣት። ደወሌ የገንዳው የብረት መሰላል ነው፤ የሾርባ ማንኪያ ይዤ ወረድኩ። የአፓርትመንቱ ሰዎች ለምደውኛል፤ ማንም ዞሮ አላየኝም።

ዮሲ ዘጠና አገኘ። አሥሩን የቀነስኩበት ደወል ሳይመታም እጁን እያነሣ ስላስቸገረኝ ነው።

ማራኪ መነጽሯን አደረገች። ቱቦውን ነከሰች። ጎንበስ አለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከዳር ሆኜ አየሁት። መነጽሩ ውሃውን ነካ፤ ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ፤ እንደገና ቀና። ታገሥኳት። ፀሐዩ አናቴን እስኪያቃጥለኝ ታገሥኳት። መጨረሻ ላይ ቱቦውን ከአፏ አውጥታ፣ «ስንት አገኘሁ?» አለች።

ሠላሳ አልኳት። ደወል ስመታ እጇን ያነሣችበትን ብቻ።

ሌላ ምን ልበላት? በሕይወቴ ነጥብ ለግሼ አላውቅም። የርእሰ መምህሩ ልጅ ሲወድቅም ወድቋል ብያለሁ። ያን ጊዜ ግን የተፈተነው ወረቀት ላይ ነው፤ የሚወድቀውም ወረቀት ላይ ነው። ይህ ባሕር ነው።

«ስለዚህ አልገባም።»

«ቅዳሜ ድጋሚ እንሞክራለን።»

«ኦኬ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ቲቸር የሚለኝ እዚህ ኦሃዮ የምንኖርበት ሰፈር፣ የሞርስ ሮድ ሰው ነው፤ ግሮሰሪ ስገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ። እሷ እማማ ነው የምትለኝ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 30

«ጠዋት ምን ትበያለሽ?» «ምንም፣ ቲቸር።» «ጫማሽ የት አለ?» «አላውቅም፣ ቲቸር።» እንዲህ ውለናል።

አባቷ ዳዊት ከትራክ ሥራው ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። ያደገው ባሕር ዳር ነው። «እትዬ፣ እኔን ማን ፈተነኝ? አጎቴ ከታንኳ ገፈተረኝ፤ ዋኘሁ፤ አለቀ።»

«ልጅህንም ገፍትረዋት ነው እዚህ የደረሰችው» አልኩት።

ሳቁን ተወ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «ምን ልርዳዎት?» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

ሳስበው የነበረውን ነገርኩት። ደሴ እያለን ማይክሮስኮፕ አልነበረንም፤ ካርታ አልነበረንም። ያጣነውን ከቆርቆሮ፣ ከካርቶን፣ ከተሰበረ አምፖል እንሠራ ነበር። አንዴ ከዘይት ጣሳ የሠራሁት የዓይን ሞዴል ዞን ድረስ ሄዶ ለኤግዚቢሽን ቀርቧል። ታዲያ አሁን ባልዲ መሥራት ያቅተኛል?

ሞርስ ሮድ ላይ ካለው የዕቃ መደብር ነጭ ባልዲ፣ ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክና በቱቦ ያለ ማጣበቂያ ገዛን። ዳዊት የባልዲውን ቂጥ በመጋዝ ቆረጠ፤ እኔ ፕላስቲኩን ልክ አስይዤ ዙሪያውን ለጠፍኩ። ባልዲውን ውሃ ላይ ገፋ አድርጎ በላይ በኩል ቁልቁል የተመለከተ ሰው ፊቱ ሳይረጥብ ሥሩን ያያል። በመስኮት እንደማየት ነው። ማራኪ ውሃ ውስጥ አትገባም፤ ከጀልባው መሰላል ላይ ሆና ግን ታያለች። ደንቤ አልተጣሰም፤ ልጅቷም ባዶ እጇን አትመለስም።

ባኞ ውስጥ ስንሞክረው አፈሰሰ። እንደገና ለጠፍን። አሁን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እየደረቀ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነካሁት። አይነካም ብዬ የጻፍኩበትን እኔው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 1

ጾሙ ገባ። ልጆቹ እስከ ስድስት ሰዓት ይጾማሉ። ዮሲ ስልክ ላይ ያለውን ሰዓት ከኩሽናው ሰዓት ጋር እያስተያየ ዋለ።

ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ በማስኳ ውስጥ ሆና፣ «ቲቸር፣ በፍልሰታ ባሕር? ዮናስ እንኳ ሳይወድ ነው የገባው!» ብላ ሰው አሳቀችብኝ። መልሱ ቤት ከደረስኩ በኋላ መጣልኝ፤ ምን ያደርጋል።

ድጋሚ ፈተና አልተሰጠም። ማራኪ ዋና ልብሷን አልለበስም አለች። ባልዲውን አወጣሁላት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መመልከቻ ነው። ለአንቺ የተሠራ።»

ዞር ዞር አድርጋ አየችው። «ባልዲ ነው» አለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «ዮሲ መነጽርና ቱቦ ይዞ እኔ ባልዲ እንደምይዝ ጓደኞቼ እንዳያውቁ» አለችና በሯን ዘጋች።

ወርጄ ብቻዬን ገንዳው ላይ ሞከርኩት። ይሠራል። ከሥር የተጣለ የቁስል ፕላስተር አየሁ፤ አጥርቼ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰብለ ሻንጣ እየከተተች፣ «ባትገባ ይሻላል እማዬ፤ እኔ እኮ ደስ ነው ያለኝ» አለች። ደስ ያላት ፊት ግን የላትም። ልጇ ያለቀሰችበትን ትራስ አይታዋለች፤ እኔም አይቼዋለሁ።


እሁድ፣ ነሐሴ 2

መንገድ። ከንጋት ጀምሮ። ዳዊትና ሰብለ እየተፈራረቁ ይነዳሉ። ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ብርቱካን፣ በአልሙኒየም የተጠቀለለ ሽሮ ፍትፍት። ባልዲው በእግሬ መሀል ነው፤ ሻንጣ ይጭኑበታል ብዬ ስለፈራሁ።

ዮሲ ከወደ ኋላ፣ «እማማ፣ ሻርኩ ቢበላኝ ጾሙን የፈታው እሱ ነው ወይስ እኔ?»

«ሻርኩ።»

«ሻርክ ኦርቶዶክስ ነው?»

ማራኪ ሳቀች። በመስታወቱ አየኋት። ሳያት አይታኝ ሳቋን አቆመች።

ጆርጂያ ውስጥ ሞቴል አድረናል። አልጋው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ስለ መሰላል አስባለሁ። የጀልባው መሰላል ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ፕላስቲክ ከሆነ ደወል የለኝም።


ሰኞ፣ ነሐሴ 3

ባሕር አየሁ።

ረጅም ድልድይ ላይ ነበርን፤ ግራም ቀኝም እሱ ነው። ከዳር ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ኮራል ያለበት ላይ ቡናማ ጥላ። ዕድሜዬን በአንድ ቀለም ጠመኔ ሳስተምር ኖርኩ።

ዳዊት እራት ላይ ዓሣ አዘዘ። «ዓሣ የጾም ነው፤ እኛ ባሕር ዳር...» ብሎ ጀመረ። «እናንተ ባሕር ዳርም ዓሣ የጾም የሚሆነው ሆቴል ውስጥ ብቻ ነው» አልኩት። ሰብለ ሳህኑን ገፋችበት። ብቻውን በላ፤ አንገቱን ደፍቶ።

ማራኪ ከባሕሩ ዳር ቆማ ማዕበሉ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እንዲመጣ ትተወዋለች። አንድ እርምጃ አትጨምርም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ነጠላ ጫማዬ ረጠበ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ የምትነዳት ፀሐይ ያከሰላት አንዲት ሽማግሌ አሜሪካዊት። መሰላሉ ብረት ነው። ማንኪያዬን አውጥቼ ስመታው ሴትዮዋ ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ፤ ዳዊት አስረዳት። ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ይፈጥናል፤ ጥሩ ነው አለች። እሱን እንኳ አውቃለሁ።

የቆምነው ሥራቸው ውሃ ውስጥ ከተተከለ የማንግሮቭ ዛፎች ፊት ለፊት ነው። ጥልቀቱ ከዳዊት ቁመት ትንሽ ይበልጣል፤ ውሃው እንደ ብርጭቆ። ሁሉም ቢጫ ላይፍ ጃኬት አድርጓል። ዮሲ ከአባቱ ጋር ገባና ወዲያው በቱቦው ውስጥ መጮኽ ጀመረ። እየወጣ ይናገራል፣ ይመለሳል። አፉ እንደ በቀቀን የሆነ ዓሣ! ድንጋይ ይበላል፣ ሲበላ ይሰማል፣ ኮሽ ኮሽ! ጥቁር እሾህ ያለው ኳስ! የባሕር ኮከብ፣ ግን ብርቱካንማ፣ እማማ፣ ነጭ አይደለም!

ደወል መታሁ። እጁ ወጣ። ሁለቱም እጆቹ።

ማራኪ የመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ውሃው ወገቧ ላይ ነው። መነጽሯንና ቱቦዋን ግንባሯ ላይ አድርጋለች፤ ለፎቶ ነው ያደረገችው፤ እናቷ ፎቶ ካላነሣሁ ብላ። ባልዲውን ሰጠኋት። ጓደኞቿ የሉም፤ ተቀበለችኝ። «መሰላሉን እንዳትለቂ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ቁልቁል ማየት ጀመረች። ጥቂት ቆይቼ ጀርባዋን አየሁት። ትከሻዋ አይንቀጠቀጥም። ሰብለን በክርኔ ነካኋት፤ ሰብለም አየች።

ከዚያ ዮሲ በሌላው በኩል ውሃ ዋጠ። ሳለ፣ አስታወከ፣ አለቀሰ። ዳዊት ከጀልባው ጎን ይዞት መጣ፤ እኔና ሰብለ ሄደን ጎንበስ አልን። ያለቀሰው ግን ስለ ውሃው አይደለም። «ስድስት ሰዓት አልሆነም! ጾሜን ፈታሁ!» ነው የሚለው። እሱን ስናባብል፣ አፍንጫውን ስናጸዳለት...

ዞር አልኩ። መሰላሉ ባዶ ነው።

ባልዲው ብቻውን በጎኑ ተንሳፏል።

ማንኪያውን አንስቼ መታሁ። ሦስት ጊዜ። ዮሲ አባቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ እጁን አነሣ። ሌላ እጅ የለም። ከጀልባዋ ኋላ በኩል፣ ከድንጋዮቹ አጠገብ፣ ቢጫው ጃኬት ታየኝ። በሆዷ ናት። ፊቷ ውሃ ውስጥ ነው። እጆቿ ተዘርግተዋል። አትንቀሳቀስም። ቱቦው ከነበርኩበት አልታየኝም። እንደገና መታሁ። መሰላሉን መደብደብ ብል ይሻላል። አትንቀሳቀስም።

የሰብለን ጩኸት አልጽፈውም።

ዳዊት ዮሲን ወደ ላይ ወርውሮልን ወደ እሷ ዋኘ። እኔ መሰላሉን ወርጃለሁ፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ቀሚሴ እንደ ጃንጥላ ተነፋ፤ እግሬ የሚቆምበት አጣ። በአንድ እጄ መሰላሉን፣ በሌላው ማንኪያውን ይዤ ተንጠለጠልኩ። ምን ላደርግ እንደነበር አሁንም አላውቅም።

ዳዊት ደርሶ ትከሻዋን ያዘ።

ብድግ አለች። ቱቦውን ተፋች። እንደሷ ያለ ቁጣ አይቼ አላውቅም። «ዳዲ! አስደነገጥከው! ሄደ! እዚህ ነበር እኮ፣ እያየኝ ነበር፣ ሄደ!»

ሴትዮዋ ጎትታ አወጣችኝ። ማራኪም ወጣች። ሰብለ ይዛት ታለቅሳለች፤ ማራኪ በእናቷ ብብት ስር አንገቷን አውጥታ እኔን ትፈልጋለች። «እማማ፣ ኦክቶፐስ!»

«ደወሉን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እጅሽን ለምን አላነሣሽም?»

«ጣትሽን እንኳ አታንቀሳቅሺ ብለሻላ!»

የጀልባዋ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

በባልዲው ነው መጀመሪያ ያየችው። ድንጋይ መስሏት ነበር፤ ድንጋዩ ቀለሙን ቀየረ። ከዚያ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከባልዲው መስኮት ወጣ። ባልዲውን አስከተለች፣ አልደረሰችም። መነጽሯን አወረደች። መቼ እንዳወረደችው አታስታውስም።

«ፊትሽን ስትነክሪ አልፈራሽም?»

አሰበች። «ረሳሁት» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ፤ እኔም ጠየቅኳት፤ ሰብለ ታለቅሳለች፣ እኛ እንጠያየቃለን። ቡናማ ነበር፤ ነጭ ነጥብ አወጣ፤ ቆዳው እንደ እሾህ ቆመ። ጉድጓዱ በር ላይ ባዶ ዛጎል ደርድሯል። ዓይኑ መሀል ያለው ጥቁሩ ክብ አይደለም፤ የተጋደመ መስመር ነው፤ የእንስሳት ፌር ላይ እንዳየናት ፍየል።

«ስንት እግር ቆጠርሽ?»

«አምስት።»

«ስምንት ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። ሦስቱ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው፣ እማማ። ሁሉንም አያሳይም።»

በሰሌዳው ላይ ሁሌም ስምንቱንም ዘርግቼ ነበር የምሥለው፤ እንደ ፀሐይ ጨረር።

ሰብለ ዓይኗን ጠረገች። ሁለቱንም መነጽሮች ወሰደች፤ ቦርሳ ውስጥ ከተተች፤ ዚፑን ዘጋች። «በቃ» አለች። ገና ጊዜ ነበረን፤ ማንም አልተከራከራትም። ስንመለስ ዮሲ ብቻ ነው ያለቀሰው፤ እሱም ስለ ጾሙ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

ወደ ኦሃዮ ጀምረናል። ሰብለ ከእኔ ጋር አታወራም። ነዳጅ ስንቀዳ ወርዳ አጠገቤ ቆመች።

«እማዬ፣ ሁለት ሕግ ሰጠሻት። አንዱ ሌላውን እንደሚበላ እንዴት አልታየሽም?»

አልታየኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መሰላሉና ስለ ባልዲው አስቤ፣ ልጅቷ እንስሳ እያየች ደወል ቢመታስ ብዬ አላሰብኩም። ፈተናው ላይ ያ ጥያቄ አልነበረም።

«ልክ ነሽ» አልኳት።

የጠበቀችው ክርክር ነበር። «ተናድጄ ነው እንጂ...» ብላ ሳትጨርስ ወደ መኪናው ገባች። እንጂ ምን?

ዮሲ ከትናንት ጀምሮ ምግብ በትክክል አይበላም። እሁድ መቁረብ አለበት፤ አልቆርብም ይላል። ለንስሐ አባታችን ኮል አደረግንላቸውና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግን። ዮሲ ሁሉንም ነገራቸው። አባ እስኪጨርስ ሰሙት።

«ልጄ፣ ወደህ ጠጣህ ወይስ ባሕሩ አጠጣህ?»

«ባሕሩ።»

«እንግዲያ ጥያቄው ለባሕሩ ነው። ጨርሰኸዋል?»

«አልጨረስኩትም።»

«ጎሽ። ለሌላው አስተርፈሃል። እሁድ ና።»

ከዚያ ሁለት ብርቱካን በላ። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ቤት ገባን። ልብስ ሁሉ ጨው ጨው ይሸታል። ሁለት ማሽን አጠብን። የማንኪያዬ እጀታ ጎብጧል።

ሰብለ ነገ ማታ ሥራ ትገባለች። መነጽሮቹ ያሉበት ቦርሳ ቁም ሳጥኗ ላይ ነው። ማራኪ ስታልፍ ስታገድም ታየዋለች፤ አትጠይቅም። አንድ ጊዜ ፍርሃቱን ያሸነፈ ልጅ ቶሎ ካልደገመው ተመልሶ ይመጣበታል፤ ይህንን አውቃለሁ፤ ንባብ ላይም፣ ስሌት ላይም አይቻለሁ። ለሰብለ ልንገራት? አሁን ምን አፍ አለኝ። ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ማራኪ ክፍሌ መጣች፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ አላየሽውም፣ አይደል? ኦክቶፐሱን።»

«አላየሁትም።»

«ምክንያቱም ፊትሽን አትነክሪም።»

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩ።

«ነክረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው። ከዚያ ሳሎን ሄዳ እናቷን ስትናገር ሰማኋት። ድምፅዋ አልለመነም። «ማሚ፣ መነጽሩን ስጪኝ። ለእኔ አይደለም። እማማ ፈተና አለባት።»

የሰብለ መልስ አልተሰማኝም። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት ግን ሰማሁ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 7

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተፈተንኩ።

የለበስኩት የዳዊትን ሰፊ ቲሸርትና ጥቁር ሱሪ ነው። እትዬ ብርቄ በረንዳዋ ላይ ነበረች። «ቲቸር! ዮናስ ሆንሽ?» አለችኝ። አሁን መልሱ ነበረኝ። «ዮናስ ዋናተኛ አልነበረም፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ» አልኳት።

ማራኪ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አነበበችልኝ። ሦስት ናቸው። ማለፊያው ስልሳ። እሷም መነጽር አድርጋ አብራኝ ገባች። ዮሲ ዳኛ ነኝ አለ። ሰብለ ሱሪዋን ሰብስባ እግሯን ገንዳው ውስጥ አስገብታ ተቀመጠች፤ ማንኪያው በእሷ እጅ ነው። ውሃ ውስጥ እግሯን ስትከት ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ጎንበስ ስል መነጽሩ ውሃውን ነካ። ቀና አልኩ። እንደገና። ቀና። ማራኪ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም፤ አላግባባችኝም፤ ታገሠችኝ። አንዱን ሙከራ ውሃ ዋጥኩ፤ ዮሲ፣ «ስድስት ሰዓት አልሆነም! ወደሽ ጠጣሽ ወይስ ገንዳው አጠጣሽ?» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ገባሁ።

የራሴን እግር አየሁ፤ ሩቅ፣ ነጣ ያለ፣ የሌላ ሰው የሚመስል። አንድ የፀጉር ማስያዣ አየሁ። የፀሐዩ ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ መረብ ይወዛወዛል። የራሴ ትንፋሽ በቱቦው ይመጣል፣ ይሄዳል። ቀና ስል ሳይሆን፣ ትንሽ ብቻ ዓይኔን ሳነሣ፣ ከፊት ለፊቴ ማራኪ ነበረች። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። ፀጉሯ ዙሪያዋን ቆሟል። ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

ደወሉ መጣ። ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ። ከየትም ያልመጣ፣ ከውስጤ የወጣ ይመስላል። ሰማሁት፤ በደንብ ሰማሁት። ብነቃነቅ የምትሄድ መሰለኝ።

ደወሉ እንደገና መታ፤ በኃይል። ከዚያ የሰብለ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

«እማዬ! ደወሉን አልሰማሽም?»

ማራኪ ከውሃው ወጥታ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። በእኔ ፈንታ መለሰች።

«ሰምታለች። እጇን አላነሣችም። የቱቦዋንም ውሃ በትክክል አልተፋችም።» በጣቷ ደመረች። «ሐምሳ አምስት።»

«ማለፊያው ስልሳ ነው» አለ ዮሲ፣ ለሰብለ።

«አምስት ጨምሪላት፣ አሮጊት ናት» አለች ሰብለ። እየሳቀች ነበር፤ እግሯ አሁንም ውሃ ውስጥ ነው።

ማራኪ ራሷን ነቀነቀች። «ነጥብ አይለገስም፣ እማማ።»

ድጋሚው ነገ ጠዋት ነው። ሰብለ ዛሬ ማታ ሥራ አድራ ትመጣለች፤ ግን «ደወሉን ማንም እንዳይመታ፣ እኔ ነኝ የምመታው» ብላለች። መነጽሮቹን ወደ ቦርሳው አልመለሰቻቸውም፤ መታጠቢያ ቤት ተሰቅለው ይንጠባጠባሉ። የሁለቱ ደንቦች ነገር ገና አልተፈታልኝም፤ የትኛው እንደሚቀድም ለልጆቹ መናገር አለብኝ፤ መልሱን አላውቀውም። አፍንጫዬ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። የቱቦውን ውሃ መትፋት መለማመድ አለብኝ፤ ባኞ ውሃ ልሙላ።